ስለ ከርሠ ምድር ውኃ ፍለጋ የሥራ ውል መሻሻል

የአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ቀድሞ ከገፈርሳ፥ በኋላም ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ሲመጣ ኖሮ፥ ዛሬ ከአቃቂና ከሌሎች ሥፍራዎች ጥልቅ ጉድጓዶች የሚገኘው ውኃ ከፍ ያለ ድርሻ ይዟል። ውኃ በተራ በሚለቀቅበት ሠፈር ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ለሚጠብቅ ሰው፥ አዲሱ ጉድጓድ የሚዘገየው መሬቱ ስለ ጠጠረ ብቻ ይመስለዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን የሚጠጥረው የውኃው መሥሪያ ቤትና ሥራ ተቋራጩ የተፈራረሙት ውል ነው።

ቤት የሚያሠራ ሰው ፕላኑን አይቶ ዋጋውን አስቀድሞ ሊቈርጥ ይችላል። የፍለጋ ጉድጓድ ግን የሚቆፈረው ያልታወቀውን ለማወቅ ነው። 300 ሜትር ይሆናል ተብሎ የታሰበው ጉድጓድ፥ እዚያ ሲደረስ ገና በድፍን ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ሊሆን፥ ወይም በ180 ሜትር በቂ ውኃ ሊገኝበት ይችላል። ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲያጋጥም ደግሞ ስብርባሪውን ጠርጎ እንዲያወጣ የሚላከው አረፋ ወይም ጭቃ በስንጥቁ ሾልኮ ይጠፋል፤ ጉድጓዱ ይደረመሳል፥ መቆፈሪያውም ይያዛል። ስለዚህ ቁፋሮው በሜትር፥ የፓምፕ ሙከራው በሰዓት መከፈል ይገባዋል። ወደ ታች በተወረደ መጠን ዘንጎቹን ማውጣትና ማውረድ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ፥ የሜትሩ ዋጋ በጥልቀት ደረጃ መከፋፈል አለበት። ሠንጠረዡ 300 ሜትር ላይ የሚያበቃ ከሆነ፥ በ301ኛው ሜትር ክርክር ይነሣል።

በዚህ ላይ ግን መሥሪያ ቤቱ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ብልሃት አለ። ተጫራቹ ለላይኛው 100 ሜትር እጅግ ዝቅተኛ፥ ለታችኛው ደረጃ እጅግ ከፍተኛ ዋጋ ሞልቶ በጠቅላላ ድምሩ ያሸንፋል፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላም «ትንሽ ጠለቅ ብንል» ማለት ያበዛል። ስለዚህ ጨረታው ሲመረመር ድምሩ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ነጠላ ዋጋም መታየት አለበት።

ሁለተኛው የክርክር ምንጭ የገበያ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የጉድጓድ ቧንቧና የመቆፈሪያ ጥርስ ከውጭ የሚያስመጣ ተቋራጭ በቀድሞው ዋጋ ሥራውን ጨርስ ቢባል፥ ወይ ይከስራል ወይ መሣሪያውን አንሥቶ ይሄዳል። ለዚህ የሚሆነው በውሉ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈ ቀመር ነው። ለምሳሌ ከዋጋው 0.15 የማይለወጥ፥ 0.25 የሠራተኛ፥ 0.20 የነዳጅ፥ 0.40 የዕቃ ነው እንበል። የሠራተኛ ዋጋ በመቶ 10፥ የነዳጅ 20፥ የዕቃ 50 ቢጨምር፥ ድምሩ 0.15 + 0.275 + 0.24 + 0.60 = 1.265 ይሆናል። የ100 ብር ሥራ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ተከፈለበት ማለት ነው፤ ልመናም ምሕረትም አያስፈልግም።

ቀመር ያልተጻፈበት ውልስ? በ1916 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈረንሣይ የመንግሥት ምክር ቤት በቦርዶ ከተማ የጋዝ ኩባንያ ጉዳይ ላይ የሰጠው ፍርድ ይታወቃል። በጦርነቱ ምክንያት የድንጋይ ከሰል ዋጋ ከታሰበው ሁሉ በላይ ንሮ ነበርና፥ ኩባንያው አገልግሎቱን ሳያቋርጥ እንዲቀጥል፥ ከተማው ግን ከኪሣራው እንዲካፈል ተወሰነ። በፈረንሣዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ አርቃቂነት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከቁጥር 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር ውሎች ሲደነግግ ይህን አስተሳሰብ ተቀብሏል። ነገር ግን ካሣው ኪሣራውን ለመካፈል እንጂ ትርፍ ለማስገኘት አይደለም፤ ለዚያውም በክርክር የሚገኝ ነው።

በእኔ አስተያየት ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የጊዜው ነገር ነው። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ «ይቀጥል» ወይም «ይቁም» የሚለውን በጽሑፍ ማዘዝ ያለበት መቆፈሪያው ሳይነሣ ነው። ፈቃዱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ ለቆመበትም ቀን ይከፈልበታል። ስለዚህ መሐንዲሱ በራሱ ሥልጣን እስከ ምን ያህል ሜትር መጨመር እንደሚችል ውሉ በቁጥር ይግለጽ። የመሬቱ ጠባይ የሚያመጣው ወጪ የመሥሪያ ቤቱ፥ በተቋራጩ ቸልተኝነት የተሰበረ ዘንግ ግን የተቋራጩ ዕዳ ነው።

ውኃ ያልተገኘበት ጉድጓድም ይከፈልበታል፤ ክፍያው ግን ተቋራጩ በየሜትሩ የወጣውን የድንጋይ ናሙና፥ ውኃ የታየበትን ጥልቀትና የቁፋሮውን ፍጥነት መዝግቦ ሲያስረክብ፥ የጉድጓዱንም አፍ በሲሚንቶ ሲደፍን ነው። የሚቀጥለው ጉድጓድ ሥፍራ የሚመረጠው በዚያ መዝገብ ነውና።