ስለ አሮጌው ዳታቤዝ መታደስና ከደጅ ስለሚያድሩ ፋይሎች

ማይክሮሶፍት አክሰስ የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ፣ ፕሮግራም መጻፍ ሙያቸው ያልሆነ መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ሹሞችና ጸሐፊዎች የፕሮጀክቱን ስም፣ የውሉን ቁጥርና የክፍያውን ቀን የሚመዘግቡበትን ዳታቤዝ በገዛ እጃቸው ሲያበጁ ኖረዋል፤ ሥራው እምብዛም ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑም፣ አበጂው ከመሥሪያ ቤቱ ከተሰናበተ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ዳታቤዙ ማገልገሉን አይተውም። ችግሩ የሚገለጠው አለቃው «ፕላኑም፣ የተፈረመው ውልም፣ የሥራው ቦታ ፎቶግራፍም ከዚሁ መዝገብ ጋራ ይያያዝልኝ» ያለ ዕለት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀላል ጭማሪ ይቈጥረዋል፤ እኔ ግን የጥያቄው ባሕርይ ከቀደመው ሥራ ፈጽሞ የተለየ ነው እላለሁ።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ጥንተ ነገሩ መመለስ ያስፈልጋል። በአይ.ቢ.ኤም. ይሠራ የነበረው ሊቅ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ ተደልድሎ፣ የአንዱ ሠንጠረዥ ዝምድና ከሌላው ጋራ በውስጡ በተጻፈው ቁጥር ወይም ስም እንዲታወቅ ሥርዓት አበጀ። አክሰስም የዚህ ሥርዓት ልጅ ስለ ሆነ፣ ደንቡ አስቀድሞ ከተሰጠው፣ በሌለ ፕሮጀክት ስም ክፍያ ልመዝግብ የሚለውን ይከለክላል፤ ክፍያ የተመዘገበበትን ፕሮጀክት ልሰርዝ የሚለውንም እንዲሁ። ነገር ግን ይህ ሥልጣኑ ከራሱ ደጅ አያልፍም። በሰርቨሩ ፎልደር ውስጥ ስለ ተቀመጠ ፕላን ዳታቤዙ የሚያውቀው ነገር ቢኖር የአድራሻው ፊደላት ብቻ ናቸውና፣ አንድ ሠራተኛ ለመልካም አስቦ የፎልደሩን ስም ቢያስተካክል አድራሻው ባዶ ይቀራል፤ መዝገቡም ከጥፋቱ አንዳች ሳያውቅ እንደ ወትሮው ይከፈታል።

ታዲያ ፋይሉን ራሱን ወደ ውስጥ ማስገባት አይሻልምን? ተሞክሯል። በቀደሙት የአክሰስ እትሞች ፎቶግራፍ በሠንጠረዥ ውስጥ ሲከተት፣ ለማሳያ የሚሆን ያልተጨመቀ ሌላ ምስል አብሮት ይቀመጥ ስለ ነበር፣ ትንሹ ፋይል ብዙ እጥፍ ሆኖ ይገኝ ነበር፤ ጠቅላላው ዳታቤዝ ደግሞ ከ2 ጊጋባይት ሊያልፍ አይችልም። ከ2007 እትም ጋራ የመጣው የአባሪ ዐምድ የምስሉን ትርፍ ቢያስቀርም፣ የ2 ጊጋባይቱን ወሰን ግን አላነሣውም። እ.ኤ.አ. በ2006 ራስል ሲርስ፣ ካትሪን ቫን ኢንገንና ጂም ግሬይ በታላቁ ዳታቤዝ በኤስ.ኪው.ኤል. ሰርቨር ላይ ምርመራ አድርገው፣ ከ256 ኪሎባይት የሚያንሰው በዳታቤዝ ውስጥ፣ ከ1 ሜጋባይት የሚበልጠው ግን በፋይል ሥርዓቱ ዘንድ ቢቀመጥ እንደሚበጅ፣ በመካከል ያለውም እንደ አጠቃቀሙ እንደሚለያይ አሳይተዋል። የዛሬ ፎቶግራፍ ከ1 ሜጋባይት በታች መሆኑ ብርቅ ነውና፣ ፍርዱ ወዴት እንዳዘነበለ ግልጽ ነው።

እንግዲህ ፋይሉ ከደጅ ማደሩ ካልቀረ፣ የዕድሳቱ ዋና ሥራ በመዝገቡና በፋይሉ መካከል ኪዳን ማቆም ነው። ሙሉውን አድራሻ ከነድራይቩ ፊደል በእያንዳንዱ መዝገብ መጻፍ አይገባም፤ በአንዱ ኮምፒውተር «ዜድ» የተባለው ድራይቭ በሌላው ሌላ ሊሆን ይችላልና። የሰርቨሩ ዋና አድራሻ በአንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ በየመዝገቡ የቀረው ክፍል ብቻ ቢቀመጥ፣ ሰርቨሩ በተለወጠ ጊዜ የሚታረመው አንድ መስመር ይሆናል። ፎልደሩም በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ቢሰየም ይመረጣል፤ ረዥም ስም በረዥም ስም ላይ ሲደራረብ የዊንዶውስን ነባር የ260 ፊደል ወሰን ይነካልና። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፋይሉ አሻራ ነው። ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የተባለው የስሌት ዘዴ የማንኛውንም ፋይል ይዘት አንብቦ በ64 ምልክቶች የሚጻፍ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ስሙና ሥፍራው ቢለወጥ ግን አይናወጥም። ስለዚህ የተሰወረው ፋይል በይዘቱ ተፈልጎ ይገኛል፤ ከተመዘገበ በኋላ የተነካካው ውልም ይታወቃል። የነካካው ማን እንደ ሆነ አሻራው አይናገርም፤ የጠፋውንም አይመልስም፤ ለዚህ መዝገቡና ፎልደሩ በአንድ ጊዜ የሚገለበጡበት መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ሌላ ጣጣ ይጨመራል። 345 የፊደላችን ምልክቶች በዩኒኮድ ሥፍራ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው፤ አክሰስም ጽሑፍን በዩኒኮድ ማስቀመጥ የጀመረው ከ2000 እትሙ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው አማርኛ ላይ ላዩን በፎንት የግእዝን መልክ የለበሰ፣ በውስጡ ግን የላቲን ኮድ የሆነ ጽሑፍ ነው። ሶፍትዌሩ ሲታደስ ይህ ጽሑፍ ከነልብሱ ይሻገራል እንጂ በራሱ አይለወጥምና፣ ለዓይን አንድ የሚመስሉት የመዝገቡ «መንገድ» እና የፎልደሩ «መንገድ» በማሽኑ ዘንድ አይተዋወቁም። ጽሑፉ ቢለወጥም እንኳ፣ «ዓለም» ብሎ የጻፈውና «አለም» ብሎ የጻፈው ጸሐፊ ሁለት ልዩ ልዩ ስም ጽፈዋል፤ ፎልደር በቁጥር ይሰየም ማለቴ ስለዚህም ጭምር ነው።

የመሻገሪያው መንገድ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። በአክሰስ 97 የተሠራውን ዳታቤዝ አክሰስ 2013 ከናካቴው አይከፍተውምና፣ አስቀድሞ በ2010 ወይም ከዚያ በቀደመ እትም መለወጥ ይኖርበታል። በባለ 64 ቢቱ ኦፊስ ላይ ደግሞ፣ ፋይል ለማስመረጥ የዊንዶውስን አገልግሎት በቀጥታ የሚጠሩት አሮጌ ትእዛዞች ካልታረሙ አይሠሩም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ አድራሻቸው ተጽፎ ፋይላቸው የጠፋ መዝገቦችና፣ ፋይላቸው ኖሮ መዝገብ የሌላቸው ሰነዶች በሁለት ዝርዝር መውጣት አለባቸው፤ ዝርዝሩም የሚቀርበው ለፕሮግራም ጸሐፊው ሳይሆን ለአንጋፋዎቹ መሐንዲሶች ነው፤ ስም የሌለው ፕላን የየትኛው ድልድይ እንደ ሆነ ሥዕሉን አይተው የሚለዩት እነሱ ናቸውና።