ከፋርማሲ የመጣው ፌስታል

ቤተሰቡን ሆስፒታል አስተኝቶ ያስታመመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሐኪሙ ወረቀት ይጽፋል፤ አስታማሚው ወደ ፋርማሲ ይሮጣል፤ ጓንቱን፣ ሲሪንጁን፣ ካኑላውን፣ ግሉኮሱን በፌስታል ይዞ ተመልሶ ለነርሷ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ምን ላይ ዋለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ሌሊት በመኪና አደጋ የተጎዳ ወጣት ደሙ እየፈሰሰ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ዕቃ ተገዝቶ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ አልነበረም። አጠገቡ ለተኙት አዛውንት ልጃቸው ከገዛችው ላይ ካኑላና ሁለት ግሉኮስ አንስቼ ተጠቀምኩ። ሲነጋ ይተካል ብዬ ነበር፤ ፈረቃዬ አለቀና ሳልጽፈው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልጅቱ ጠዋት “ዕቃው አልቋል” ተብላ፣ ተበድራ እንደገና ገዛች። ይህን የሰማሁት አባቷን ይዛ ከወጣች በኋላ ነው። ወጣቱ ተርፏል፤ በማንሳቴ አልጸጸትም። የምጸጸተው ባለመጻፌ ነው።

በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች የተስፋፋ የመድኃኒት ቁጥጥር አሠራር አለ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ሽያጭ የዕቃው ስም፣ ብዛትና ዋጋ ተዘርዝሮ በተጻፈበት ባለ ቁጥር ደረሰኝ ይከናወናል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ደረሰኙ የሚናገረው ከፋርማሲው መስኮት የወጣውን ነው። ከመስኮቱ እስከ አልጋው ያለውን መንገድ የሚጠብቁት የነርሷ እስክሪብቶና የአስታማሚው ዓይን ናቸው።

ስለዚህ ትንሽ ደብተር ያዙ። ምን እንደገዛችሁ፣ ለማን እንዳስረከባችሁና ምን እንደቀረ በየቀኑ ጻፉ። ነርሶች ፈረቃ ሲቀያየሩ “ሲስተር፣ ትናንት ካመጣነው ስንት ቀረ?” ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ከሆስፒታል ስትወጡ ጥቅል ድምሩን ብቻ አትቀበሉ፤ ዝርዝሩን ጠይቁና ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ። ያልተከፈተ ዕቃ ከተረፈም ፋርማሲው ይመልስ እንደሆነ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ፣ ውጭ ግዙ ስትባሉ አስቀድማችሁ የመድን ሠራተኛውን አነጋግሩ፤ ማዘዣውንና ደረሰኙንም አትጣሉ።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ጓንት ቶሎ አለቀ ብላችሁ ነርሷን አትጠርጥሩ፤ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲኬድ መቀየሩ ግዴታ ነው። ሲሪንጅም ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደገም ዕቃ ከዋጋው የከበደ በሽታ ይዞ ይመጣል።

ጥያቄያችሁን እንደ ስድብ የምትቆጥር ነርስ ልታጋጥማችሁ ትችላለች። አትቀየሟት፤ መጠየቁንም አትተዉ። ያቺ ልጅ ፈረቃዬን ሳስረክብ “ስንት ቀረ?” ብትለኝ ኖሮ፣ የረሳሁትን ያኔውኑ አስታውሼ እጽፈው ነበር።