ቅጭትና የወጌሻ እጅ

መስከረም ሲገባደድ የሰሊጥ አገሯ ሽንፋ በሰው ትሞላለች። ለቀን ሥራ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች የሚጣደፉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የበሰለ ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ ሽፋኑ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ ጎንበስ እንዳሉ ማጨድ፣ ነዶ ማሰር፣ ነዶውን እርስ በርስ አስደግፎ ሂላ ማቆም ነው። ከዚያ ደግሞ 100 ኪሎ የሚመዝነውን ኩንታል ተሸክሞ መኪና ላይ መጫን ይመጣል። ወገብ፣ ጭንና ባት የሚቀጩት በዚህ ጊዜ ነው፤ የተቀጨ ሰውም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ወጌሻ ነው።

ጡንቻ በአብዛኛው የሚቀጨው እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ ነው። ጉልበቱን ሳያጥፍ ያጎነበሰ ሰው የጭኑ የኋላ ጡንቻ አስቀድሞ ተወጥሯል፤ በዚያ ላይ ከባድ ነገር መንጭቆ ሲያነሳ ወይም እግሩ ሲንሸራተት ውስጡ ጧ ሲል ይሰማዋል። የሚበጠሱት በብዛት ጡንቻው ከጅማት ጋር በሚጋጠምበት አካባቢ ያሉት ክሮች ናቸው። ጥቂቶች ብቻ ከሆኑ ሰውየው እያነከሰ ይሄዳል። ብዙ ከሆኑ ያብጣል፣ ከቀናት በኋላም ቆዳው ይጠቁራል። ጨርሶ ከተበጠሰ ቦታው ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር በጣት ሊዳሰስ ይችላል።

ወጌሻው ቅቤ ወይም ዘይት ይቀባና በአውራ ጣቱ እየተጫነ ከታች ወደ ላይ ያሻል። አጥንት መሰበሩን፣ መገጣጠሚያ መውለቁን ወይም ሥጋ ብቻ መጎዳቱን በዳሰሳ ለመለየት ይሞክራል። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ ነውና ክብር ይገባዋል። ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የተበጠሱት ትንንሽ የደም ሥሮች ገና እየተደፈኑ ነው። ሰውነትም የሞተውን ክር የሚጠርጉ ሴሎቹን ወደ ቦታው ልኳል፤ አዲስ ክር የሚሠሩት የሚከተሉት እነሱን ነው። ያን ጊዜ በኃይል ማሸት የቆመውን ደም እንደገና ያስፈስሳል። በተለይ የጭን የፊት ጡንቻ ተመትቶ ደም ሲቋጥር ደጋግሞ ማሸት ጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል። በእነዚህ ቀናት የሚያስፈልገው ቀለል ያለ ነው፦ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለሕመሙ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ጣት የማያደነዝዝ ላላ ያለ መጠምጠሚያ። አጥብቆ ማሰር ደም ከልክሎ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት የተቆረጡ እግሮች አሉ።

ከዚያ በኋላስ ማሸት ይጠቅማል? በ2020 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 29 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ማሸት ጉልበትንም ሆነ ሩጫን እንዳላሻሻለ፣ መተጣጠፍንና ከሥራ በኋላ የሚመጣን የጡንቻ ሕመም ግን በጥቂቱ እንደረዳ አገኙ። ስለዚህ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ፣ በለዘብታ፣ በቁስሉ ዙሪያ የሚያሽ እጅ ሕመም ያስታግሳል፤ ሰውየውም ደፍሮ እንዲንቀሳቀስ ያግዘዋል። የተበጠሰውን ክር ግን አይቀጥልም።

የሚያድነው በልክ መንቀሳቀስ ነው። በ2017 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ጭናቸውን ወይም ባታቸውን የተጎዱ 50 ስፖርተኞችን ለሁለት ከፈለ። በሁለተኛው ቀን እንቅስቃሴ የጀመሩት ያለ ሕመም ወደ ስፖርታቸው የተመለሱት በ62 ቀን ገደማ ነበር፤ እስከ ዘጠነኛው ቀን የቆዩት በ83 ቀን። የሦስት ሳምንት ልዩነት ለቀን ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። እንቅስቃሴ ሲባል ግን ማጭድ ማንሳት አይደለም፤ መጀመሪያ ሕመም ሳይቀሰቅሱ ጡንቻውን ማኮማተርና መልቀቅ፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ቀጥሎ ጥቂት በጥቂት ሸክም መጨመር ነው። ይህን በሙያ የሚሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሠለጥናል፤ ችግሩ ጎንደር ከሽንፋ ሩቅ መሆኑ ነው።

ሳሉጉ ካልሠራ አይከፈለውም፤ ስለዚህ ማስታገሻ ውጦ ወደ ማሳው ይመለሳል። በዚያ ሙቀት፣ ውሃ በጠማው ሰውነት ላይ እንደ ዲክሎፊናክ ያለ መድኃኒት ኩላሊት ሊጎዳ፣ ያልዳነው ጡንቻም ድጋሚ ሊበጠስ ይችላል። ባለ ማሳዎች የተቀጨውን ሰው ለጥቂት ቀን የጆንያ አፍ ቢያሰፉት ወይም ሰሊጥ የሚራገፍበትን ሸራ ቢያስጠብቁት፣ ከየትኛውም ቅባት የበለጠ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ጭራሽ የማይታሹም አሉ። ከትኩሳት ጋር የመጣ የጡንቻ ሕመም መግል ሊሆን ይችላል፤ ሳይመታ አብጦ የሞቀ ባት የረጋ ደም ሊኖረው ይችላል፤ ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ጡንቻው እየፈረሰ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ወጌሻ ዘንድ ሳይቆይ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ሆስፒታል ይሂድ።

ለሌላው ቅጭት መለኪያው ይኸው ነው፦ የተጎዳው እግር እንደ ደህናው ሲዘረጋ፣ በእሱ ብቻ ቆሞ ጉልበት ማጠፍ ሳያም ሲቀር፣ ፈጠን ብሎ ሲራመድ ሳያነክስ፣ ያን ጊዜ ወደ ነዶው ይመለስ። ኩንታሉ ግን ጥቂት ቀን ይቆየው፤ እስከዚያ ለሁለት ይሸከሙት።