ከምረቃ በኋላ ያለው ትምህርት

እስከ 1998 ድረስ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ለወባ የሚሰጠው መድኃኒት ክሎሮኪን ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ የወባ ዝርያ ክሎሮኪንን ስለተላመደው በዚያ ዓመት ፋንሲዳር ተተካ። ፋንሲዳርም ብዙ አልቆየ፤ በ2004 ቦታውን ለኮአርቴም ለቀቀ። በ1997 ተመርቆ ቆላ ጤና ጣቢያ የተመደበ አንድ ነርስ በሰባት ዓመት ውስጥ ለአንድ በሽታ ሦስት መድኃኒት፣ ሦስት የአወሳሰድ ሥርዓት፣ ሦስት ዓይነት ጥንቃቄ መልመድ ነበረበት ማለት ነው።

በኤች አይ ቪም የሆነው ይኸው ነው። ነፃው የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በ2005 ሲጀመር መድኃኒቱ በአመዛኙ የሚታዘዘው የመከላከል አቅሙ እጅግ ለተዳከመ ታማሚ ነበር። ባለሙያው ይህን አቅም የሚያሳየው የሲዲ ፎር ቁጥር እስኪወርድ መጠበቅን እንደ ሕግ ተማረ። መመሪያው ደረጃ በደረጃ እየተሻሻለ ሄዶ ዛሬ ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምራል። ትናንት ትክክል የነበረው ምክር ዛሬ ታማሚን ይጎዳል።

መድኃኒት ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፤ ቀኑ ያለፈበትን ማደል ወንጀል ነው። የባለሙያ እውቀትም እንደዚሁ ያረጃል፤ ቀኑን የሚጽፍበት ግን የለም። ነርሱም፣ ጤና መኮንኑም፣ ሐኪሙም እውቀታቸው ማርጀቱን የሚያውቁት አንድ ሰው ወይም አንድ ሥርዓት ሲነግራቸው ነው። በኢትዮጵያ ያ ሥርዓት ለረጅም ዘመን በአዳራሽ ስልጠና ላይ ቆሞ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ባለሙያ መማር ያለበት ታማሚው በሚመጣበት ቦታ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር፣ በሥራ ሰዓቱ ነው።

በየቀኑ የሚመጣው በሽታ

ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው የበሽታውን ስም ይዞ አይመጣም። ሳል ይዞ ይመጣል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ተቅማጥ፣ የወገብ ሕመም፣ የጨጓራ ማቃጠል ይዞ ይመጣል። ሳሉ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ አስም ወይም የልብ ድካምም ሊሆን ይችላል። ብርቅ በሽታን መለየት የስፔሻሊስት ሙያ ነው። በመቶ ተራ ሳል መካከል ያለችውን አንዷን አደገኛ ሳል መለየት ግን የጤና ጣቢያው ሙያ ነው፤ ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ ከከባዶቹ አንዱ ነው።

እውቀት ካልታደሰ ምን እንደሚከተል ለማየት «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለውን ውጤት ማስታወስ ይበቃል። ትኩሳት ይዞት ሄዶ ይህን ጥንድ ስም ይዞ ያልተመለሰ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ውጤቱ የሚወጣው ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ ከተባሉ ሁለት የቆዩ የደም ምርመራዎች ነው። ምርመራዎቹ የሚያዩት ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ከአሮጌ ሕመም ወይም ከሌላ ተሕዋስ የተረፈ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም ብቻ በሽታውን ማረጋገጥ አስተማማኝ አይደለም። ሆኖም ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ካለ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ታማሚው ያላስፈለገውን መድኃኒት ከኪሱ ይገዛል፤ የትኩሳቱ እውነተኛ መንስኤ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ተሕዋሳትም መድኃኒቱን ይላመዳሉ። ላቦራቶሪውም አዛዡም የሚሠሩት እንደተማሩት ነው። የሚያስፈልገው ቆም ብሎ «ይህን ምርመራ ለምን እናዛለን?» ብሎ በጋራ የሚጠይቅ ጉባኤ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጨርሶ የማይመረመረው ነው። በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት ከአዋቂዎች ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከእነሱም አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። ግፊት ሕመም የለውም። ለእግሩ ቁስል የመጣው ገበሬ፣ ልጇን ያመጣችው እናት ግፊታቸው የሚለካው ባለሙያው «ለሌላ ጉዳይ የመጣ አዋቂ ሁሉ ይለካ» የሚለውን ልማድ ካደረገው ብቻ ነው። ይህ ልማድ በንግግር ብቻ አይሰርጽም፤ የሚሰርጸው ጤና ጣቢያው ውስጥ ሥራው ሲደራጅለትና ባልደረባ ሲያስታውስ ነው።

ከጎንደር እስከ ጤና ኬላ

በሥራ ላይ መማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እገዛ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ እንደ አንድ ቡድን ያሠለጥን ነበር፤ ተማሪዎቹም ከመመረቃቸው በፊት በገጠር ጤና ጣቢያዎች እየኖሩ ይሠሩ ነበር።

ይህ መንፈስ በሌላ መልክ የተመለሰው በሕፃናት ሕክምና ነው። በ1997 ኢትዮጵያ የገባው የሕፃናት በሽታዎች የተቀናጀ ሕክምና ለባለሙያው ያስተማረው የበሽታ ዝርዝር ሳይሆን አሠራር ነው። ሕፃኑ ሲስል አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠራል። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ምልክት ነው። መደበኛው ስልጠና 11 ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥም ትልቁ ድርሻ በታመሙ ሕፃናት ዙሪያ የሚደረግ ልምምድ ነው።

በ2003 የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ትምህርቱን ወደ ቀበሌ አወረደው። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች የአንድ ዓመት ስልጠና ወስደው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በጤና ኬላ ተመደቡ። መጀመሪያ ሥራቸው በ16 ፓኬጆች የተከፈለ መከላከል ነበር፤ ከ2010 ገደማ ጀምሮ ግን የሕፃናት የሳንባ ምችን በአንቲባዮቲክ የማከም ኃላፊነት ተጨመረላቸው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክንድ ላይ ማስቀመጥና የታመመ ጨቅላን መለየት እያለ ሥራው እየሰፋ ሄደ። እያንዳንዱ ጭማሪ ስልጠና ይጠይቃል፤ ስልጠናውም እንዲጸና ከጤና ጣቢያ የሚወርድ ክትትል ይፈልጋል።

ፍሬው ታይቷል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 166 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 59 ወርደዋል። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ መንገዱ፣ የምግብ ሁኔታው ሁሉ ድርሻ አላቸው። ግን ትንፋሽ መቁጠር የተማረች የቀበሌ ሴት ድርሻዋ ትንሽ አይደለም።

አዳራሹ ያልፈታው

ከዚህ ሁሉ ጋር የአዳራሽ ስልጠና እየበዛ መጣ። የወባው ፕሮግራም የራሱ፣ የቲቢው የራሱ፣ የኤች አይ ቪው የራሱ፣ የሥርዓተ ምግቡ የራሱ በጀትና የራሱ አሠልጣኝ ይዞ ይጠራል። ባለሙያዎች ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ከተማ ይሄዳሉ፤ አምስት ቀን ስላይድ ይታያል፤ ቅድመ ፈተናና ድኅረ ፈተና ይሰጣል፤ ሰርተፊኬት ይታደላል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ግን በዚያ ሳምንት የተመላላሽ ክፍሉ ሰው ይጎድለዋል፤ ወረፋው ይረዝማል። የሠለጠነው ባለሙያ ተመልሶ ለባልደረቦቹ የሚያካፍልበት ሰዓት አይያዝለትም። ዝውውር ሲያገኝም እውቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ጤና ጣቢያው እንደገና «ያልሠለጠነ» ይሆናል።

ስለ አበልም በግልጽ መነጋገር ይገባል። ስልጠና ለብዙ ባለሙያ ከደመወዝ የማይገኘውን የሚያሟላበት መንገድ ሆኗል። በዚህ ባለሙያውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም፤ በግንቦት 2025 በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ያነሱት የደመወዝ ጥያቄ ኑሮው ምን ያህል እንደከበዳቸው አሳይቷል። ችግሩ ኑሮ መደጎሚያውና ትምህርቱ አንድ ላይ መታሰራቸው ነው። ሁለቱ ሲታሰሩ ማን መማር ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ ቀርቶ የማን ተራ ነው የሚለው ይወስናል። ደመወዝ በደመወዝነቱ መስተካከል አለበት፤ ያኔ ትምህርትም በትምህርትነቱ ይመዘናል።

የአዳራሽ ስልጠና ብቻውን እንደማይበቃ ጥናትም ያመለክታል። አሌክሳንደር ሮውና ባልደረቦቹ በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ያሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የባለሙያን አሠራር የሚያሻሽለው ምን እንደሆነ መርምሯል። የታተመ መመሪያ ወይም ፖስተር ብቻውን ማደል ያመጣው ለውጥ ከምንም የማይቆጠር ነው። ስልጠና ብቻውን በመካከለኛ ግምት ወደ 10 መቶኛ ነጥብ ያሻሽላል። ስልጠናና ክትትል ሲጣመሩ ለውጡ ወደ 18 ከፍ ይላል፤ ባለሙያዎች በቡድን ተቀምጠው የራሳቸውን ችግር ሲፈቱበት ደግሞ ከዚያም የሚበልጥ ውጤት ታይቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የላንሴት የጤና ጥራት ኮሚሽን በእነዚህ አገሮች በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕክምና ቦታ ከደረሱ በኋላ በአገልግሎቱ ጥራት ጉድለት እንደሚሞቱ ገምቷል። ሐኪም ቤት መሥራት የሥራው ግማሽ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው መጽሐፍ

በኢትዮጵያ የተሻለው መንገድ ተጀምሯል። ጤና ሚኒስቴር በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀን የሕክምና መርጃ ከአገሩ ሁኔታ ጋር አጣጥሞ በ2017 የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ክሊኒካዊ መመሪያን አወጣ። መጽሐፉ የሚጀምረው ከምልክት ነው። ባለሙያው «ሳል» ወይም «ራስ ምታት» የሚለውን ገጽ ይከፍታል፤ መጀመሪያ አስቸኳይ የአደጋ ምልክቶችን ያያል፤ ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ወደ ምርመራና ሕክምና ይወርዳል። የኤች አይ ቪ ታማሚ ግፊትም ሊኖረው፣ ድብርትም ሊይዘው እንደሚችል መጽሐፉ አይረሳም፤ በፕሮግራም የተቆራረጠውን ታማሚ እንደገና አንድ ሰው ያደርገዋል።

ከይዘቱ እኩል የሚያስመሰግነው የማስተማሪያ መንገዱ ነው። አሠልጣኙ ከጤና ጣቢያው ባለሙያዎች አንዱ ይሆናል። ትምህርቱ እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በአጫጭር ክፍለ ጊዜ፣ በታማሚ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ይካሄዳል። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ አዋላጇ አብረው ይማራሉ። ማንም ከሥራው አይጠፋም፤ አንዱ ቢዛወር የተማሩት ሌሎቹ እዚያው አሉ።

ነጥብ ምን ይለካል?

ሁለተኛው ለውጥ በሕግ በኩል የመጣ ነው። በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ከሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር ተሳስሯል፤ ባለሙያው በዓመት 30 ነጥብ እንዲያሟላ ይጠበቃል። ኮርሶቹንም እውቅና የተሰጣቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና በ1961 እንደተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ያሉ የሙያ ማኅበራት ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። መማር የግል ትጋት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሙያ ግዴታ ሆኗል።

ግን ነጥብ የሚቆጥረው ሰዓትን ነው። ከተማ የሚሠራው ባለሙያ ኮርሱን በምሽት፣ በኢንተርኔት ይጨርሳል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ፣ ወይም በጦርነት በተጎዱ አካባቢዎች ያለው ባልደረባው ያንኑ ነጥብ ለማግኘት ገንዘቡንም የሥራ ቀኑንም ይከፍላል፤ የተማረውም ዕለት በዕለት ከሚያየው በሽታ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ግዴታው ለሁሉም እኩል ሆኖ ዕድሉ እኩል ካልሆነ፣ ሕጉ የሚጎዳው ብዙ የሚያገለግለውን ነው።

መፍትሔው በእጅ ያለ ነው። በጤና ጣቢያው ውስጥ በጋራ የሚደረገው የታማሚ ታሪክ ውይይት ሙሉ ነጥብ ያሰጥ። ጤና ጣቢያው በሳምንት አንድ ሰዓት ለትምህርት ይከልል፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ያን ሰዓት በስብሰባ አይውሰድበት። ውይይቱ የሚነሳው ከራሱ መዝገብ ይሁን፤ ባለፈው ወር ስንት ሰው «ታይፎይድ» ተባለ? ከመጡት አዋቂዎች የስንቱ ግፊት ተለካ? ለጉንፋን ስንት አሞክሲሲሊን ወጣ? መልሱ በሚቀጥለው ወር ሲነጻጸር ትምህርቱ መሥራት አለመሥራቱ ይታያል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ሐኪም ለሱፐርቪዥን ሲመጣ ቼክሊስት ከመሙላቱ በፊት አንድ ታማሚ ከባለሙያው ጋር አብሮ ይመርምር። በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ያሉት የአምስቱ ጤና ኬላዎች ሠራተኞችም ለወርሃዊ ሪፖርት ሲመጡ ሪፖርት አስረክበው ብቻ አይመለሱ፤ የከበዳቸውን ታማሚ አንስተው ይወያዩ።

ይህ ሁሉ የሚያስቸኩለው በሽታዎች ስለማይጠብቁ ነው። በ2016 ቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ወባን የቆላ ገጠርና የዝናብ ማግስት በሽታ አድርጎ የተማረ የከተማ ባለሙያ አሁን ያን እውቀት መቀየር አለበት። ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል።

የጤና ጣቢያ ባለሙያ ስንፍና የለበትም፤ የጎደለው ሰዓት፣ ባልደረባና ክትትል ነው። ሦስቱንም መስጠት ከሆቴል አዳራሽ ኪራይ አይበልጥም። ራቅ ባለ ወረዳ የምትታከም እናት በዋና ከተማው ካለችው ጋር እኩል የዘንድሮውን ሕክምና የማግኘት መብት አላት፤ ያ መብት የሚከበረው የሚያክማት ባለሙያ ዘንድሮም ተማሪ ሆኖ እንዲቀጥል አገር ሲፈቅድለትና ሲያግዘው ነው።