መልስ ጨዋታ የሌለው ቀልድ

ሰኞ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ሥራ የሚጀመረው በመወርወሪያ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ በፉገራም ጭምር ነው። በጉለሌ ክፍለ ከተማ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ከተደረደሩት የሀገር ልብስ ሱቆች ጀርባ ሸማኔዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይውላሉ። እግር ይረግጣል፣ እጅ ድርና ማጉን ያገናኛል፤ አፍ ግን ሥራ የለውም። እናም ቅዳሜና እሁድ ቡድኑ የተሸነፈበት ሰው ሰኞ መከራውን ያያል።

እንደ ኦገስት 2011 (እ.ኤ.አ.) ያለ ሰኞ ግን ጥቂት ነው። በዋዜማው እሁድ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ አርሰናልን 8ለ2 ረመረመው። በዚያ ሳምንት የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ ሥራ መግባት ወኔ ይጠይቅ ነበር። ታዲያ ሁለት ወር ሳይሞላ ኦክቶበር 23 ማንቸስተር ሲቲ በዚያው ሜዳ ዩናይትድን 6ለ1 ቀጣው። ሳቂው ተሳቀበት፣ ሂሳብ ተወራረደ፣ ሻይ ተጋበዙ። የኳስ ፉገራ ደስ የሚለው ለዚህ ነው፤ መልስ ጨዋታ አለው።

መልስ ጨዋታ የሌለው ቀልድስ? በሴትነቷ ሙድ የተያዘባት፣ በብሔሩ ወይም በሙያው የተቀለደበት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ምን ብሎ ይመልሳል?

በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 22 የእንግሊዙ ስካይ ስፖርት ይህንን ጥያቄ ተጋፍጧል። ዎልቭስ ከሊቨርፑል ሊጫወቱ ሲሉ ታዋቂዎቹ አንዲ ግሬይና ሪቻርድ ኪስ ማይክ የተዘጋ መስሏቸው በረዳት ዳኛዋ ሲያን ማሴ ተሳለቁ። ሴት ስለሆነች የኦፍሳይድ ሕግ አይገባትም ባይ ናቸው። ጨዋታው ተጀመረ፤ ሜሬሌስ ለቶሬስ ባቀበላት የመጀመሪያ ጎል ላይ ብዙዎች ኦፍሳይድ ነው ሲሉ እሷ ባንዲራዋን አላነሳችም። ምስሉ ተደግሞ ሲታይ ልክ እሷ ነበረች። ሊቨርፑል 3ለ0 አሸነፈ።

ግሬይ ሌላም ነውር ያለበት ምስል ወጥቶበት በሦስተኛው ቀን ተባረረ፤ ኪስ በማግስቱ ለቀቀ። የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ወሬው ስለበዛ ማሴ ተመድባበት ከነበረው ቀጣይ ጨዋታ ተነሳች። ሌሎች ቀለዱ፣ አንድም ስህተት ያልሠራችው እሷ ከሥራዋ ቀረች። ደግነቱ ተመልሳ በፕሪሚየር ሊጉ ለዓመታት አጫውታለች።

በእኛም ስታዲየሞች ለሴት ዳኛ የሚወረወረው ቃል የታወቀ ነው። በሙያዋ ፋርማሲስት የሆነችው ኢንተርናሽናል ዳኛ ሊዲያ ታፈሰ ግን በፊሽካዋ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ደርሳለች፤ 2015 እና 2019። በጃንዋሪ 2021 ካሜሩን ላይ በተካሄደው የወንዶች ቻን ውድድር ደግሞ ከሁለት ሴት ረዳቶቿ ጋር የታንዛኒያንና የናሚቢያን ጨዋታ መርታለች። ይሁንና ሁሉም ሰው ለተቀለደበት ቀልድ ዓለም ዋንጫ ሄዶ እንዲመልስ መጠበቅ የለበትም።

ይህንን ሽሮ ሜዳ ከማንም በላይ ያውቃል። እዚያ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ፣ ከዶርዜ የመጡ ናቸው። ሀገሬው በዓመት በዓል የሚደምቅበትን ጥበብ እየሠሩ ሙያው ለዘመናት መሰደቢያ ሆኖ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ብረት ሠሪውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ቢከፋ ነው። ዛሬም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩን የነካበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ክብር የተነካ ሰው ግን እንጀራውን ጥሎ ለምን ይሂድ?

ኳስ ባለበት ፉገራ አይቀርም፤ ይቅርም የሚል የለም። ሰኞ ጠዋት አፍ ከመክፈት በፊት ግን አንዲት ነገር ማሰብ አይከብድም፦ ቡድኑ እሁድ ቢያሸንፍ ይሄ ሰውዬ ይህችን ቀልድ ሊመልስልኝ ይችላል? ከቻለ ይቀጥል፣ ሻዩም ይጠጣ። ካልቻለ ግን ፊሽካው ተነፍቷል።