ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያለቀ ምርጫ

ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ሴናተር እንደነበሩ ብዙ ሰው ያውቃል። በሁለት የተለያዩ ሴኔቶች ውስጥ እንደተቀመጡ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አንደኛው ዋሺንግተን ያለው የመላው አሜሪካ ሴኔት ነው። ሌላው፣ ፖለቲካን የጀመሩበት፣ የኢሊኖይ ግዛት ሴኔት ነው። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። የኢሊኖይ ሴኔት 59 መቀመጫዎች ሲኖሩት፣ የሚሰበሰበውም በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። የትምህርት ቤት በጀት፣ የወንጀል ሕግ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የሚወሰኑት በዚህ ደረጃ ነው። ስለዚህ አሜሪካ የሚኖር ወገናችን የአንድ የግዛት ሴኔት ዕጩ ወረቀት በሩ ላይ ተሰክቶ ሲያገኝ፣ ከዕለት ኑሮው የራቀ ጉዳይ አድርጎ ባይጥለው መልካም ነው።

የእንዲህ ዓይነት ዕጩ ታሪክ እንዴት እንደሚነበብ ለማየት ከኦባማ የመጀመሪያ ውድድር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1995 የቺካጎው ኮንግረስማን ሜል ሬይኖልድስ በወንጀል ተፈርዶባቸው መቀመጫቸውን ለቀቁ። ቦታውን ለመያዝ ከተነሡት አንዷ የ13ኛው ምርጫ ክልል የግዛት ሴናተር አሊስ ፓልመር ነበሩ። እሳቸው ወደ ዋሺንግተን ካለፉ የሴኔት ወንበራቸው ክፍት ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ወንበር የቀረቡት የ34 ዓመቱ ጠበቃ ኦባማ ናቸው። ሴፕቴምበር ላይ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ዕጩነታቸውን ሲያሳውቁ ለሕዝቡ ያስተዋወቋቸው ፓልመር ራሳቸው ነበሩ።

ኖቬምበር 28 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ለኮንግረሱ መቀመጫ በተደረገው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር ሲያሸንፉ ፓልመር ሦስተኛ ወጡ። ደጋፊዎቻቸው ኦባማን «ወንበሩን ለባለቤቱ መልስ» ብለው ጠየቁ። ኦባማ ዘመቻውን ጀምሬያለሁ፣ ገንዘብም ሰውም አሰባስቤያለሁ ብለው እምቢ አሉ። ፓልመር በቀራቸው አጭር ጊዜ የድጋፍ ፊርማ ለማሰባሰብ ተሯሯጡ።

ውድድሩ የተወሰነው በዚህ ፊርማ ስለሆነ አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ስም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ዕጩው ከምርጫ ክልሉ ነዋሪዎች የተወሰነ ቁጥር ያለው ፊርማ ማምጣት አለበት። በዚያ ዓመት በ13ኛው ክልል የሚፈለገው 757 ነበር። ፓልመር የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን በሆነው ዲሴምበር 18 ያቀረቡት 1,580 ፊርማ ነው፤ ከሚፈለገው እጥፍ በላይ። ይሁን እንጂ ወረቀቱን መቀበል ማለት ፊርማውን ማጽደቅ አይደለም። ተቃዋሚ ካለ እያንዳንዱ መስመር ከመራጮች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ፈራሚው በመዝገቡ ከሌለ ይሰረዛል። አድራሻው ከክልሉ ውጭ ከሆነም ይሰረዛል። በፊርማው ፈንታ ስሙን በሕትመት ፊደል ከጻፈም እንዲሁ። ፊርማውን ያሰባሰበው ሰው ሕጉ የሚጠይቀውን ካላሟላ ደግሞ ያመጣው ሁሉ አብሮ ሊወድቅ ይችላል። (እግረ መንገዴን፦ ዜግነት ያገኛችሁና በመራጭነት የተመዘገባችሁ አንባቢዎች፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣላችሁ ፊርማችሁንና አድራሻችሁን ልክ እንደ ምዝገባችሁ አድርጉ። በጎ ፈቃዳችሁ በአንዲት መስመር ስሕተት ሊባክን ይችላል።)

የኦባማ ሰዎች መስመር በመስመር ሄዱበት። የፓልመር ወረቀት ሲጣራ ከሚፈለገው 200 ያህል ጎደለ፤ ጃንዋሪ 17 ቀን 1996 ከውድድሩ ወጡ። ሌሎቹ ሦስት ተፎካካሪዎችም በዚሁ መንገድ ወደቁ። በማርች በተደረገው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ኦባማ ብቻቸውን ቀረቡ። ክልሉ የዴሞክራቶች መናኸሪያ በመሆኑ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ለወጉ ያህል ነበር፤ በኖቬምበር 82 በመቶ ድምፅ አገኙ።

ይህን 82 በመቶ ብቻ የሚያይ ሰው ሕዝቡ ኦባማን ከፓልመር ጋር አወዳድሮ እንደመረጣቸው ያስብ ይሆናል። ሕዝቡ ግን ያንን ዕድል አላገኘም። የተሠራው ሥራ ሕጋዊ ነው፤ የጎደለ ፊርማ ጎዶሎ ነው፣ ደንቡም ለሁሉም እኩል የተጻፈ ነው። ቢሆንም የአካባቢው መራጭ የሚያውቃቸውን ሴናተርና አዲሱን ወጣት ጎን ለጎን አይቶ መፍረድ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የምረጡኝ ሐሳባቸውስ? ኦባማ በ1980ዎቹ በደቡብ ቺካጎ የማኅበረሰብ አደራጅ ሆነው ሠርተዋል፤ ፖለቲከኛም እንደ አደራጅ ሕዝቡን አሰባስቦ ማንቃት አለበት የሚል እምነት ነበራቸው። ከንግግሩ ይልቅ ዘመን የተሻገረው ግን ለተለያዩ ድርጅቶችና ጋዜጦች መጠይቅ የሰጡት የጽሑፍ መልስ ነው። በአንዱ የሞት ቅጣትን እንደሚቃወሙና ሽጉጥ መያዝ እንዲታገድ እንደሚደግፉ ሰፍሯል። ከ12 ዓመት በኋላ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ጥያቄ ሲነሣ፣ የዘመቻ ቡድናቸው መልሱን የሞላው አንድ ረዳት ነው አለ፤ በአንዱ ቅጂ ላይ ግን የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። ለአንድ የቺካጎ ጋዜጣ ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እንደሚደግፉ በፊርማቸው ገልጸው ነበር። በኋላ ከዚህ አቋም አፈገፈጉ፤ በይፋ የተመለሱበት በ2012 ነው።

በሴኔቱ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙኃኑን የያዙት ሪፐብሊካኖች ስለነበሩ የዴሞክራት ሐሳብ በቀላሉ አያልፍም ነበር። እንዲያም ሆኖ በ1998 ፖለቲከኞች የዘመቻ ገንዘብን ለግል ጥቅም እንዳያውሉ የሚከለክለውን ሕግ በማሳለፍ ተሳትፈዋል። በዚያው ዓመት 89 በመቶ አግኝተው ተመረጡ።

በ2000 ለኮንግረስ በጊዜው የወንበሩ ባለቤት ከነበሩት ከቦቢ ረሽ ጋር ተወዳደሩ። የኦባማ ስም ከታዋቂ ተፎካካሪ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ወጥቶ መራጩ ሲፈርድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ረሽ 61 በመቶ፣ ኦባማ 30 በመቶ አገኙ።

ሽንፈቱን ይዘው ወደ ስፕሪንግፊልድ ተመለሱ። በ2003 ዴሞክራቶች ሴኔቱን ሲረከቡ፣ ፖሊስ በግድያ የሚጠረጥረውን ሰው ሲመረምር ምርመራው እንዲቀረጽ የሚያስገድድ ረቂቅ አቀረቡ። በኢሊኖይ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ንጹሕነታቸው የተረጋገጠ ሰዎች በመኖራቸው ነገሩ ብርቱ ነበር። ፖሊሶች መጀመሪያ ተቃወሙ፤ ኦባማ ከእነሱም ከዐቃቤ ሕጎችም ጋር ተቀምጠው ረቂቁን አስተካከሉ። ሴኔቱ ውስጥ አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳይሰማ አለፈ።