ግሪን ቢን፦ የቶሮንቶ የወጥ ቤት ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል?

የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዶሮ አጥንት፣ የቡና አተላ፣ ወጥ የነካ ሶፍት፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የድመት ኩስ ከነአሸዋው። ቶሮንቶ ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ተራ የፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ግሪን ቢን ወደሚባለው ባለ ጎማ ማጠራቀሚያ ይገባል። በሳምንት አንድ ቀን መኪና መጥቶ ይወስደዋል። በእጁ ኮምፖስት አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር ሲሰማ ግር ይለዋል። ፕላስቲክ ከመቼ ወዲህ ነው የሚበሰብሰው? ዳይፐርስ? አይበሰብሱም። ከተማዋ ግን ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ አስባበት ያደረገችው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከጭንቅ ነው። ቶሮንቶ ለብዙ ዓመታት ቆሻሻዋን ስትቀብር የኖረችው ከከተማዋ በስተሰሜን ቮን በሚባለው አካባቢ በሚገኘው ኪል ቫሊ ነበር። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ተዘጋ። ከዚያ በፊት ቆሻሻውን በባቡር ጭኖ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን በመውሰድ፣ ኪርክላንድ ሌክ አጠገብ ባለ የተተወ የብረት ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የመድፋት ዕቅድ ነበር። የአካባቢው ሰዎችና የቀደምት ሕዝቦች ማኅበረሰቦች አጥብቀው ተቃወሙት፤ በ2000 ዕቅዱ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የቀረው ምርጫ ድንበር ማቋረጥ ነበር። በየቀኑ ከመቶ በላይ ከባድ መኪኖች የቶሮንቶን ቆሻሻ ጭነው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ድረስ ይነዱ ጀመር። የሚሺጋን ሰዎችም ተቆጡ፤ ማን የሰው ቆሻሻ ይፈልጋል? ጉዞው የቆመው በ2010 መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚቀበረው ቆሻሻ የሚሄደው ከተማዋ በ2007 ወደገዛችው፣ ከለንደን ኦንታሪዮ አቅራቢያ ወዳለው ግሪን ሌን ነው።

ቆሻሻን በቶን እየከፈለ ይህን ያህል መንገድ የሚያጓጉዝ ከተማ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ነገር ለማወቅ ይገደዳል። ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ ትልቁ ክፍል ደግሞ የምግብ ትርፍራፊና እርጥብ ነገር ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ውሃ። ውሃ ጭኖ ድንበር መሻገር ማለት ነው። ያ እርጥብ ነገር አፈር ውስጥ አየር አጥቶ ሲቀበር ደግሞ ሚቴን ያመነጫል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ የሚሆን ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ነው።

ግሪን ቢን በ2002 በምዕራብ ቶሮንቶ ኢቶቢኮ ተጀመረ፤ በ2005 ባለ ግቢ ቤቶችን በከተማዋ ሁሉ አዳረሰ። ያኔ ትልቁ ጥያቄ ከሰው ምን ያህል ድካም እንጠይቅ የሚል ነበር። ብዙ ከተሞች የወረቀት ወይም ለዚሁ የተሠራ ውድ ከረጢት ግዛ፣ ይህን ለይ፣ ያንን አትጨምር ይላሉ። ቶሮንቶ የሚሸተውን ሁሉ በፈለግከው ከረጢት አስረህ ስጠኝ አለች። ዳይፐሩም የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚሸተው ነገር በየሳምንቱ ከተነሳ፣ የቀረው ደረቅ ቆሻሻ በየሁለት ሳምንቱ ቢነሳ ማንም አይቸገርም። በ2008 ደግሞ የደረቅ ቆሻሻው ክፍያ በማጠራቀሚያው መጠን ተተመነ፤ ትልቅ የመረጠ ብዙ ይከፍላል፣ ለግሪን ቢን ግን ተጨማሪ ክፍያ የለም። እኔ ሰውን ላለማድከም የተወሰነውን ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ። ልጅ ታቅፋ ወጥ ከምትሠራ እናት የኬሚስት ጥንቃቄ መጠበቅ አይገባም።

ድካሙ ግን አልጠፋም፤ ወደ ፋብሪካው ነው የተዛወረው። ከተማዋ ሁለት የማቀነባበሪያ ጣቢያዎች አሏት፤ አንዱ በዳፈሪን፣ ሌላው በአየር ማረፊያው አካባቢ በዲስኮ ሮድ። መኪናው የሚያራግፈው በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ነው። አየሩ ወደ ውስጥ ብቻ ስለሚሳብና ተጣርቶ ስለሚወጣ ሽታው ጎረቤት አይደርስም። ከረጢቶቹ እንዳሉ ውሃ ወዳለበት ትልቅ ጋን ይገባሉ። ይህ ማሽን ሃይድሮፐልፐር ይባላል፤ ሥራው የግዙፍ ጁስ መፍጫ ነው። ሲሽከረከር ምግቡ ይሟሟና ወፍራም ሾርባ ይሆናል። አጥንት፣ ጠርሙስ፣ ሳይታይ የተጣለ ማንኪያና ድንጋይ ከባድ ስለሆኑ ወደ ታች ይሰጥማሉ። ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል፤ ከላይ ትልቅ መንሽ መጥቶ ይቧጥጠዋል። ከዳይፐሩ የሚሟሟው ወደ ሾርባው ሲገባ ፕላስቲኩ ከከረጢቶቹ ጋር ይወጣል። የሚወጣው ፕላስቲክ እንደገና ወደ መቅበሪያ ስለሚሄድ ምቾቱ ያለ ዋጋ የመጣ አይደለም። ማሽኑ ፕላስቲክን ከፕላስቲክ ለይቶ አያውቅም። ሰዎች በቅን ልቦና ተጨማሪ ከፍለው የሚገዙት «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቡና ካፕሱልና ማሸጊያም ከሌላው ጋር አብሮ ስለሚወገድ ከተማዋ ግሪን ቢን ውስጥ አትጨምሩት ትላለች።

አሸዋው ተጣርቶ የቀረው ሾርባ አየር ወደማይገባበት ትልቅ ታንከር ይገፋል። እዚያ በሰው ሰውነት ሙቀት መጠን፣ 37 ዲግሪ አካባቢ፣ ባክቴሪያዎች ለሁለትና ሦስት ሳምንት ይበሉታል። ውጭ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ የጓሮ ኮምፖስት ድንጋይ በሚሆንበት ጥር እንኳ እዚያ ውስጥ ሥራው አይቆምም። ለቀዝቃዛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከታንከሩ ባዮጋዝ ይወጣል፤ በዳፈሪን ጣቢያ ጋዙ ተጣርቶ ቤቶችን ወደሚያሞቀው የጋዝ መስመር ይገባል። የቀረው ጭቃ ውሃው ተጨምቆ ከከተማ ውጭ ይወሰድና አየር እያገኘ ይበሰብሳል። ኮምፖስት የሚባለው ያኔ ነው።

ይህን ሥርዓት ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳው ራኩን ነው። ጥቁር ጭንብል ያደረገ የሚመስለው፣ እንደ ሰው በጣቶቹ የሚበረብር የሌሊት እንስሳ። የመጀመሪያውን ቢን ክዳን በቀላሉ ይከፍተው ስለነበር፣ ጠዋት የተበተነ አጥንት መልቀም የቤተሰብ ሥራ ሆኖ ነበር። ከንቲባ ጆን ቶሪ በ2015 አዲሱን ቢን ለሕዝብ ሲያሳዩ ዋናው ወሬ መቆለፊያው ነበር። ክዳኑ የሚከፈተው እጀታ በማዞር ነው፤ የመኪናው ክንድ ሲገለብጠው ደግሞ ሰው ሳይነካው በራሱ ይለቃል። ከ2016 ጀምሮ ለየቤቱ ታደለ። በ2018 ግን አንዲት ራኩን ቢኑን ጥላ እጀታውን ስታዞር በቪዲዮ ታየች። ቢሆንም አብዛኞቹ ራኩኖች አልቻሉበትም፤ የሚበተነው ቆሻሻም ቀንሷል።

የከተማዋ እውነተኛ ችግር ያለው ፎቅ ላይ ነው። ከቶሮንቶ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ የሚኖሩት በአፓርትመንትና በኮንዶ ነው። ባለ ግቢ ቤቶች ከቆሻሻቸው 60 በመቶ ገደማውን ከመቀበር ሲያድኑ፣ በፎቆቹ ግን ቁጥሩ ከ30 በመቶ በታች ሆኖ ኖሯል። የፎቅ ሰው ስለ አካባቢው የማይጨነቅ ሆኖ አይደለም። በየኮሪደሩ ጫፍ ከላይ እስከ ምድር ቤት የሚወርድ የቆሻሻ ቧንቧ አለ፤ ክዳኑን ከፍቶ መልቀቅ ብቻ ነው። የምግብ ትርፍራፊውን ለይቼ ልጣል ያለ ግን በሊፍት ወርዶ፣ በብርድ ወደ ጓሮ ወጥቶ ቢኑን መፈለግ አለበት። ሰውን ሳያደክም የጀመረው ፕሮግራም ፎቅ ላይ ሲደርስ የሚያደክም ሆነ።

ስካርቦሮ በሚባለው የቶሮንቶ ክፍል ሜይፌር ኦን ዘ ግሪን የሚባለው ኮንዶ ይህን ገለበጠው። ከሺህ በላይ ሰዎች የሚኖሩበት ሕንፃ ነው። ቧንቧው ለምግብ ትርፍራፊ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ደረቅ ቆሻሻ መጣል የፈለገ ራሱ ተሸክሞ ይወርዳል። ቀድሞ በወር ሃያ ያህል ትልልቅ ገንዳዎች ይሞላ የነበረው ሕንፃ ወደ አንድ ገንዳ ወረደ፤ ለቆሻሻ ማንሻ ይከፍል ከነበረውም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተረፈው። ለዚህ አዲስ ማሽን አላስፈለገውም፤ ያለውን ቧንቧ ነው ለሌላ ነገር ያዋለው። የሌሎቹ ፎቆች አስተዳዳሪዎችና የነዋሪ ኮሚቴዎችም የሚቀጥለው ስብሰባቸው ላይ ሊያነሱት የሚችሉት ጉዳይ ነው።